የኦባማ ልጆች ውሻ፦ ቦ ከአርቢው ቤት እስከ ዋይት ሀውስ የመጣበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

ኖቬምበር 4 ቀን 2008 ምሽት ባራክ ኦባማ ቺካጎ በሚገኘው ግራንት ፓርክ የድል ንግግራቸውን ሲያሰሙ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው የገቡትን ቃል በሕዝብ ፊት ደገሙት፤ ወደ ዋይት ሀውስ ሲገቡ አዲስ ቡችላ አብሯቸው ይመጣል። ማሊያ ያኔ 10 ዓመቷ፣ ሳሻ 7 ዓመቷ ነበር። ኋላ ውሻቸው የሚሆነው፣ ፖርቱጋላዊ የውኃ ውሻ የሚባለው ዘር የሆነው ቦ በዚያ ምሽት ቴክሳስ ውስጥ፣ ቦይድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ አርቢ ቤት የሚኖር የ26 ቀን ጨቅላ ነበር፤ ኦክቶበር 9 የተወለደ፣ ገና የእናቱን ጡት ያልተወ። ለሕዝብ የታየው ኤፕሪል 14 ቀን 2009፣ ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመሐል ያለው አምስት ወር ነው ይህን ጉዳይ ለጥናት የሚያበቃው። በብዙ ቤት ነገሩ የሚያልቀው በአንድ ቅዳሜ ነው። ልጆች ይለምናሉ፣ አባት ይደውላል፣ ማታ ካርቶን ውስጥ የሚያለቅስ ቡችላ ይዞ ይገባል። የኦባማ ቤተሰብ ገንዘብም፣ ግቢም፣ ሰውም ሳይቸግረው ቆየ። በመጨረሻም ያገኘው ውሻ ዘሩ የታወቀ፣ ወንድሙ በሌላ ቤት ሲኖር የታየ፣ ራሱም አንድ ቤት ገብቶ ሳይሆንለት የተመለሰና እንደገና የሠለጠነ ነው። ስለ ቦ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥቁር ጠጉሩንና ነጭ ደረቱን ነው። እኛ የምናተኩረው ግን ከመምጣቱ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ለሥራ የተፈጠረ ዘር ለቤተሰብ የሚሆነው ወይም የማይሆነው እዚያ ላይ ነውና።

መስፈርቱና የአለርጂው ጥያቄ

ኦባማ ከምርጫው በኋላ በሰጡት የመጀመሪያ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ ኖቬምበር 7 ቀን፣ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው ማሊያ አለርጂ ስላለባት ውሻው አለርጂ የማይቀሰቅስ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ የሚመርጡት ከመጠለያ መውሰድ ቢሆንም የመጠለያ ውሾች አብዛኞቹ «እንደ እኔ ድብልቅ» ናቸው አሉ። ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። በጃንዋሪ 2009 ምርጫው ወደ ሁለት ጠበበ፤ ላብራዱድል ወይም ፖርቱጋላዊ የውኃ ውሻ።

ላብራዱድል የላብራዶርና የፑድል ድቅል ነው። በመጀመሪያው ትውልድ አንዱ ቡችላ የፑድልን ጥቅልል ጠጉር፣ ወንድሙ የላብራዶርን የሚረግፍ ጠጉር ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ በስምንት ሳምንት ዕድሜ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሚሆን ለመለየት ያስቸግራል። ፖርቱጋላዊው የውኃ ውሻ ግን ዘሩ የጸና ስለሆነ ጠጉሩም ጠባዩም ከወላጆቹ ተነስቶ ይገመታል። ቤተሰቡ ወደዚህ ማዘንበሉ በእኛ ግምት ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን አለርጂው መሆን አልነበረበትም።

አለርጂን የሚያስነሳው ጠጉሩ አይደለም። ካን ኤፍ 1 የሚባለው ዋናው ፕሮቲን በውሻው ምራቅና በሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ሁሉም ውሻ ምራቅና ቆዳ አለው። በ2011 የወጣ፣ ዲትሮይት በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች የተሠራ ጥናት 173 ቤቶች ውስጥ ያለውን አቧራ ለካ። 60 ዝርያዎች ተካተዋል። «አለርጂ አይቀሰቅስም» የሚባሉ ውሾች ያሉባቸው ቤቶችና ሌሎቹ ቤቶች በፕሮቲኑ መጠን ልዩነት አልተገኘባቸውም። ልዩነት ያለው ከውሻ ወደ ውሻ፣ ከሰው ወደ ሰው ነው። ለዚህ ነው አለርጂ ያለበት ልጅ ያለው ቤተሰብ የዝርያ ዝርዝር ከማንበብ ይልቅ ልጁን ወደ አርቢው ቤት መውሰድ ያለበት። የሚሄደውም ቡችላውን ለማቀፍ ሳይሆን ከቡችላው እናትና ከሌሎች ያደጉ ዘመዶቹ ጋር በተዘጋ ክፍል አንድ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ ነው። ይህ በተለያየ ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም። የአለርጂ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ በዚያን ቀን ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን ጠይቁ፤ መድኃኒቱ ምልክቱን ደብቆ ፈተናውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ቡችላ ብቻ አይቶ መወሰን ያታልላል፤ ትንሽ ሰውነት የሚያረግፈው ቅርፊት ትንሽ ነው።

ውሻው ከመጣ በኋላ የልጁ መኝታ ክፍል ለውሻ ዝግ ይሁን። ማጠብ ይረዳል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ስለሚሞላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልሆነ ውጤቱ አይቆይም።

ዓሣ አጥማጅ ቤት ሲገባ

ይህ ዘር በደቡብ ፖርቱጋል፣ በአልጋርቭ ጠረፍ የዓሣ አጥማጆች ባልደረባ ነበር። ዓሣን ወደ መረብ መንዳት፣ ከጀልባ የወደቀ ዕቃ ወይም የተበጠሰ መረብ ጠልቆ ማምጣት፣ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየዋኘ መልእክት ማድረስ ሥራው ነው። የእግሩ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ቡችላውን ይዛችሁ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ብትለያዩአቸው ቆዳው እንደ ዳክዬ እግር ይወጠራል። ወንዱ ሲያድግ ከ19 እስከ 27 ኪሎ፣ ሴቷ ከ16 እስከ 23 ኪሎ ትመዝናለች። መካከለኛ ነው፤ ግን ጡንቻ የሞላው መካከለኛ።

የሥራ ውሻ የሚገዛ ሰው ሊገባው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሥራው ቢቀርም የሥራው ጠባይ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ ዕቃ በአፉ እየያዘ ከባሕር ሲያወጣ የኖረ ዘር፣ ባሕር የሌለበት ሳሎን ውስጥ ጫማ፣ የሪሞት መቆጣጠሪያ፣ የልጅ እጅጌ በአፉ ይይዛል። ከጌታው ርቆ፣ ማዕበል ውስጥ ብቻውን ሲወስን የኖረ ውሻ ቤትም ውስጥ ራሱ ይወስናል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዳቦ ሰው ዘወር ሲል የማን እንደሆነ ወስኖ ይጨርሰዋል። ከመርከበኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ስለኖረ ደግሞ ብቻውን ግቢ ውስጥ ሲታሰር ይጮኻል፣ ይቆፍራል፣ በር ይቧጭራል። ይህ ጠባይ በማንኛውም የሥራ ዘር ላይ መልኩን ቀይሮ ይታያል። የከብት ጠባቂ ዘር ሯጭ ልጆችን ቁርጭምጭሚታቸውን እየነከሰ ይሰበስባል፤ የጥበቃ ዘር የልጆቹን ጓደኞች በር ላይ ያቆማል። ስለዚህ አርቢን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህ ዘር ምን እየሠራ ኖረ? ያ ሥራ ቤት ውስጥ ምን ሆኖ ይወጣል?» ብላችሁ ይሁን። የሚመልስላችሁ «ልጅ በጣም ይወዳል» ብቻ ከሆነ ሌላ አርቢ ፈልጉ።

የጠጉሩ ነገርም አለ። ከሥር የሚረግፍ ሁለተኛ ጠጉር ስለሌለው ቤት ውስጥ ብዙ አያረግፍም፤ የማይረግፍ ጠጉር ግን ማደጉን አያቆምም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ቆዳው ድረስ በሚዶ ካልተበጠረ ይቋጠራል። የሚቋጠረው በማይታይ ቦታ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ውስጥ፣ የአንገት ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ሚዶውን ሲያስገቡት አይገባም። ከቋጠሮው ሥር ቆዳው እርጥበት ይዞ ይቆስላል። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መከርከምም አለበት። ጆሮው የተንጠለጠለ ስለሆነ ከታጠበ ወይም ከዋኘ በኋላ ውስጡ ካልደረቀ ይመረቅዛል።

ከጥቂት አያቶች የመጣ ዘር

በ1930ዎቹ ዘሩ ሊጠፋ ሲቃረብ ቫስኮ ቤንሳውድ የተባሉ ፖርቱጋላዊ የመርከብ ባለሀብት የቀሩትን የሥራ ውሾች ሰብስበው ማራባት ጀመሩ። ሌያው የተባለው ዝነኛ ወንድ ውሻቸው የዛሬዎቹ ውሾች አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ዘሩ ወደ አሜሪካ የገባው ዘግይቶ ነው፤ የአሜሪካው የዘሩ ክበብ በ1972 ሲመሠረት በአገሩ የነበሩት ውሾች ጥቂት ነበሩ።

ይህ ታሪክ ለገዢው የሕክምና ጉዳይ ነው። ከጥቂት አያቶች የመጣ ዘር ውስጥ አንድ የተበላሸ ጂን በሁለቱም ወላጆች በኩል ሊገናኝ ይችላል። በዚህ ዘር ውስጥ የታወቁት ሦስቱ እነዚህ ናቸው። ጂ ኤም 1 የሚባለው የነርቭ በሽታ ቡችላውን ገና በወራት ዕድሜው ይገድለዋል። ፒ አር ኤ የዓይንን መረብ ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ መጀመሪያ የማታ እይታ ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላ ውሻው ይታወራል። ሦስተኛው የልብ ሕመም ነው፤ ልቡ ይለጠጥና ሲጫወት የዋለ ቡችላ፣ ብዙ ጊዜ ሰባት ወር ሳይሞላው፣ በድንገት ይሞታል። ሦስቱም የዲ ኤን ኤ ምርመራ አላቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ገዢ አይረዳውም። እነዚህ በሽታዎች የሚታዩት ቡችላው ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን ሲወርስ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ወላጅ ጤነኛ ነው፤ ተሸካሚ ይባላል። ሁለት ተሸካሚዎች ቢዳቀሉ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ተሸካሚና ከጂኑ ነጻ የሆነ ቢዳቀሉ ግን አንድም ቡችላ አይታመምም። ስለዚህ «አባቱ ተሸካሚ ነው» ብሎ የሚነግራችሁን አርቢ አትሽሹት፤ የእናቲቱን ወረቀት ጠይቁት። መሸሽ ያለባችሁ «የኔ ውሾች ታመው አያውቁም፣ ምርመራ አያስፈልጋቸውም» የሚለውን ነው። ተሸካሚን ሁሉ ከመራባት ማስወጣት ቀድሞውንም ጠባብ የሆነውን ዘር ይበልጥ ያጠበዋል።

ዳሌ በጂን ምርመራ አይታወቅም፤ በራጅ ነው። በአሜሪካ ኦ ኤፍ ኤ የሚባለው፣ የእንስሳትን የዳሌ ራጅ የሚመዝነው ድርጅት የመጨረሻ የዳሌ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ተኩል እናት ቡችሎች ካሏት ማረጋገጫው እንዴት ተገኘ ብላችሁ ጠይቁ። በወረቀቱ ላይ ያለው የምዝገባ ቁጥር በዘር ሐረጉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አመሳክሩ፤ የኦ ኤፍ ኤ መዝገብ ድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ ቁጥሩን ማስገባት በቂ ነው። አዲሰን የሚባለው የኩላሊት-ላይ ዕጢ ሕመምም በዚህ ዘር ይታያል፤ ለእርሱ ግን የሚያስተማምን የጂን ምርመራ የለም። ለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ አያቶቹ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ሞቱ? ጥሩ አርቢ ይህን ሳያነብ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ የገባበት ቤትና መመለሱ

ቦ መጀመሪያ የተሸጠው ለሌላ ቤተሰብ ነበር። አልሆነም፤ ወደ አርቢው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና ባለቤታቸው ለኦባማ ልጆች በስጦታ ያበረከቱት። ኬኔዲዎች ይህን ዘር ለዓመታት ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ በቤታቸው ከነበሩት ውሾች አንዱ የሆነው ካፒ የቦ የአንድ ማኅፀን ወንድም ነው።

ያኔ አንዳንድ ሰው ቅር ብሎት ነበር፤ ከመጠለያ ይመጣል የተባለው ከአርቢ መጣ ብሎ። ቤተሰቡ ዋሽንግተን ውስጥ ላለ የእንስሳት መጠለያ ማኅበር ገንዘብ ለገሰ። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነገር ነው። ያ የመጀመሪያ ቤት ሳይስማማው ሲቀር ቦ ጎዳና ላይ አልወደቀም፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ አልተሸጠም፣ ወደ መጠለያም አልሄደም። ወደ ተወለደበት ቤት ተመለሰ። ይህ የሆነው በደግነት ብቻ ሳይሆን ጥሩ አርቢዎች አሠራራቸው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ውላቸው ውስጥ «በማንኛውም ዕድሜ፣ በማንኛውም ምክንያት ውሻውን ማቆየት ካልቻልክ ወደ እኔ ትመልሳለህ» የሚል አንቀጽ አለ። በእኛ እምነት ከውሉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የጤና ዋስትናው፣ የመኮላሸት ግዴታው፣ የምዝገባው ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የሸጠውን ሁሉ መልሶ ለመቀበል የተዘጋጀ ሰው ሊያሳድግ ከሚችለው በላይ አያስወልድም፤ ለማይሆን ቤትም አይሰጥም፣ ምክንያቱም ነገ ተመልሶ የሚመጣው እርሱ በር ላይ ነው።

እንዲህ ያለ አርቢ እናንተን ይጠይቃችኋል። ቤታችሁ ቀን ማን አለ? ግቢው ይታጠራል? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ከዚህ በፊት የነበረው ውሻ ምን ሆነ? አንዳንዱን ሰው ይህ ያስቀይመዋል፤ ገንዘቤን ይዤ መጥቼ እንደ ሌባ እመረመራለሁ ይላል። አይሁንባችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ቡችላውን ራሱ አርቢው ቢመርጥላችሁ ነው። እናንተ አንድ ሰዓት ታያላችሁ፣ እርሱ ስምንት ሳምንት አይቷል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀድሞ ሮጦ ጫማችሁ ላይ የሚወጣው ቡችላ «እርሱ መረጠኝ» ያሰኛል፤ ብዙውን ጊዜ ከወንድሞቹ ሁሉ ደፋሩና ዕረፍት የለሹ ነው፣ ማለትም ሥራ ለሚሰጠው ሰው የሚሆነው። ጥግ ይዞ የማይወጣውም በአዘኔታ አይወሰድ። ለልጆች ቤት የሚሆነው መሐለኛው ነው።

እርሱን ለማየት አንድ ቀላል ነገር አለ። ቡችላው ከወንድሞቹ ተለይቶ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብላችሁ የቁልፍ ዘለላ ወለል ላይ ጣሉ። መደንገጡ ችግር የለውም። የምታዩት ከድንጋጤው በኋላ የሚሆነውን ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንገቱን አስግጎ፣ አንድ እግሩን እያነሳ፣ ቁልፉን ሊያሸት ከመጣ ጥሩ ነው። ጨርሶ ካልሰማ ጆሮው ይመርመር። ሄዶ ከተደበቀና ደቂቃዎች አልፈው ካልወጣ ጩኸት ለሚበዛበት ቤት አይሆንም። ከዚያ አንሱት፣ እቅፍ አድርጋችሁ የእግሩን መዳፍ፣ ጆሮውን፣ ከንፈሩን ንኩ። ድዱን በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ካልተመለሰ ሐኪም ይየው። ሆዱ ተወጥሮ ጎኑ ከከሳ ትል ሊኖርበት ይችላል። እምብርቱ ላይ የሚገፋ እብጠት ካለ በቀዶ ሕክምና ሊዘጋ የሚችል ቀዳዳ ነው፤ ግን ዋጋው ላይ ይነገር። ይህ ሁሉ ግን ስለ ዛሬ የሚናገር እንጂ ስለ ነገ አይደለም፤ በሰባተኛ ሳምንት የሚደረጉ የጠባይ ፈተናዎች ያደገውን ውሻ ጠባይ በደንብ አይተነብዩም። ከፈተናው ይልቅ እናቱ ትታይ። እንግዳ ሲገባ ቡችሎቿን ትታ መጥታ የምትሸታችሁ እናት አንድ ነገር ትነግራችኋለች፤ «ዛሬ ተናዳለች፣ ሌላ ጊዜ ታዩዋታላችሁ» ተብላ ከበር ጀርባ የምትጮኸው ደግሞ ሌላ ነገር ትነግራችኋለች።

አንድ ወር ሥልጠና

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ቢበዛ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ቡችላ ያየውንና የሰማውን እንደ ተራ ነገር ይቀበላል። ያ መስኮት ሲዘጋ አዲስ ነገር ሁሉ አስፈሪ መሆን ይጀምራል። ስድስት ወር የሞላውን ውሻ መቀበል አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ የት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ቦ በአርቢው ዘንድም፣ በመጀመሪያው ገዢ ዘንድም የኖረው በሰው ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያም የኬኔዲዎቹን ውሾች ያሠለጠኑት ዶውን ሲልቪያ-ስታሲዊዝ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወር ያህል አስተማሩት፤ ዘዴያቸው በሽልማት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከመሰጠቱ በፊትም ዋይት ሀውስ በድብቅ ተወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ተገናኘ። ይህ መገናኘት የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አልነበረም። ልጆችና ውሻ ከመወሰኑ በፊት አንድ ክፍል ውስጥ መታየት አለባቸው።

ተራ ቤተሰብ ያን ወር ራሱ ቤት ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ለስምንት ሳምንት ቡችላ የቀን ምግቡ ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን በሳህን ሳይሆን በእጅ፣ ፍሬ በፍሬ ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ስሙን፣ መቀመጥንና የያዘውን መልቀቅን ነው። መልቀቅን የምታስተምሩት ከአፉ በመንጠቅ አይደለም፤ የተሻለ ነገር አፍንጫው ላይ ይቀርባል፣ ሲለቅ ይሰጠዋል፣ ከዚያ የለቀቀውም ይመለስለታል። በአፉ መያዝ ሥራው ለሆነ ዘር መንጠቅ የሚያስተምረው ይዞ መሮጥን ነው። ትምህርቱ ሦስት ደቂቃ ይሁን፣ በቀን አምስት ጊዜ። ሽንት የሚወጣው ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከጨዋታ በኋላ ነው፤ በመካከል የሚታገሠው የወር ዕድሜው ላይ አንድ ተደምሮ በሚገኘው ሰዓት ያህል ነው፣ የሁለት ወሩ ሦስት ሰዓት። ከዚያ በላይ ብቻውን ትቶት የሄደ ሰው ምንጣፉን ሲያገኘው ውሻውን መቆጣት የለበትም።

ቤት ውስጥ የሆነው

ኤፕሪል 23 ቀን፣ ቦ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚሼል ኦባማ ዋይት ሀውስን ለጎበኙ ልጆች ስለ ውሻው ሲያወሩ የሰው እግር ማኘክ እንደሚወድ ነገሯቸው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ጩኸትና ዝላይ ሰምተው፣ ሰው የገባ መስሏቸው እርሳቸውና ፕሬዚዳንቱ ሲወጡ ቦ ብቻውን ከኳሱ ጋር ሲጫወት አገኙት። አንድ ወር የሠለጠነ፣ ዘሩ የተጣራ ውሻ ነው ይህ። የስድስት ወር የሥራ ውሻ እንዲህ ነው፤ መልካም ምርጫ ይህን ቀላል ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። እግር ሲያኝክ እግርን ማንቀሳቀስ ጨዋታውን ያሞቀዋል። ቆም ይባል፣ መጫወቻው ይሰጠው፣ ካልተወ ሰውየው ክፍሉን ለግማሽ ደቂቃ ለቆ ይውጣ። ማታ የሚዘለው ደግሞ ቀን ያልደከመ ነው። ያደገው ውሻ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ለሁለት የተከፈለ፣ እውነተኛ ሩጫ ወይም ዋና ይፈልጋል፤ ገመድ ይዞ ጎረቤት እያናገሩ መዞር አይቆጠርም።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ቡችላ ሲመጣ «እኛ እናንሸራሽረዋለን፣ እኛ እናበላዋለን» የሚሉት ልጆች ናቸው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ገመዱ እናትየው እጅ ላይ ነው። ዋይት ሀውስ ውስጥ 7 ሄክታር የሚያህል ግቢና እንደ ዴል ሄኒ ያሉ፣ ከኒክሰን ዘመን ጀምሮ የፕሬዚዳንቶችን ውሾች ሲንከባከቡ የኖሩ የግቢ ኃላፊ ነበሩ። የሌላ ሰው ቤት ይህ የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ምንም ባይሠሩ አዋቂዎቹ ብቻቸውን ይህን ውሻ ሊይዙት ይችላሉ ወይ የሚለውን ከመግዛት በፊት መልሱ። መልሱ «አይ» ከሆነ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃል።

በኦገስት 2013 ቤተሰቡ ሁለተኛ ውሻ ጨመረ፤ ሰኒ፣ ያው ዘር፣ በጁን 2012 የተወለደች። በዚህም ጊዜ የመጣችው ከአንድ ዓመት በላይ የሆናት ናት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የገና ጌጥ በሚታይበት ዝግጅት ላይ ሰኒ በደስታ ስትዘል የሁለት ዓመት ልጅ ገፍታ ጣለች፤ ልጅቷ አልተጎዳችም፣ ሚሼል አነሷት። ክፋት የለበትም። ሃያ ኪሎ ጡንቻ በደስታ ሲመጣ ግን የ12 ኪሎ ሕፃን ይወድቃል። ሕፃን ያለበት ቤት አራቱንም እግር ከወለል ሳያነሱ መቆየትን፣ ማለትም ካልዘለለ ብቻ እንደሚዳሰስ፣ ከመጀመሪያው ቀን ማስተማር አለበት። «ትንሽ ነው፣ ይዝለል» የተባለ ቡችላ ሲያድግ ለምን እንደሚከለከል አይገባውም።

አዲስ አበባና ቨርጂኒያ ላሉ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በአፓርታማ የሚኖሩ ወገኖች አርቢ ከመፈለጋቸው በፊት የኪራይ ውላቸውን ያንብቡ፤ ብዙ ሕንፃዎች የክብደት ወይም የዝርያ ገደብ አላቸው፣ ጀርመን ሸፐርድና ሮትዋይለር በተለይ ስማቸው ተጽፎ ይገኛል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የዲ ኤን ኤ ወረቀት ማግኘት ስለሚከብድ ዓይንና ጥያቄ ይቅደም። እናትም አባትም በአካል ይታዩ፤ አባቱ ከሌላ ቤት ከሆነ እዚያ ሂዱ። አያቶቹ ያሉበትን ቤት ጠይቁ፤ ስምንት ዓመት የሞላው ጀርመን ሸፐርድ ከኋላው ሳይንገዳገድ ሲነሳ ማየት ከብዙ ቃል ይበልጣል። በሰባት ሳምንት የሚሸጥ ቡችላ ስምንት እስኪሞላው ቀብድ ተከፍሎለት ከእናቱ ጋር ይቆይ። የክትባት ደብተሩ ላይ የክትባቱ ብልቃጥ ተለጣፊ፣ ቀኑና የሐኪሙ ማኅተም ከሌለ ክትባት እንዳልተሰጠ ቁጠሩት፤ ፓርቮ በሚባለው ተላላፊ የአንጀት በሽታ የሚሞቱት እንዲህ ያሉት ናቸው። ክትባቱ በየሦስት አራት ሳምንቱ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ግዴታችሁ ነው፤ ይህ ለውሻው ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚጫወቱት ልጆችም ነው። የትል መድኃኒትም በሁለት ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ተሰጥቶት መሆን አለበት። የመመለስ ውልም ይጻፍ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። አርቢው «ከተሸጠ በኋላ አላውቅም» ካለ፣ ነገ ውሻው ሳይሆንላችሁ ቢቀር የት እንደሚገባ አሁኑኑ አስቡት።

ውሉን የሚፈርመው ማን እንደሆነም ይታሰብበት። የዚህ ዘር ዕድሜ ከ11 እስከ 13 ዓመት ነው። ቦ በካንሰር የሞተው ሜይ 8 ቀን 2021 ነው፤ 12 ዓመት ከሰባት ወሩ ላይ። ቃል ሲገባላቸው 10 እና 7 ዓመት የነበሩት ልጆች በዚያ ቀን 22 እና 19 ዓመታቸው ነበር።